ያልጸደቁ ደብዳቤዎች

አባባ ዘበኛው ዛሬም ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

መምህርቷ ይህን ብድግ ማለት እንደ ጥፊ ነው የምትቆጥረው። ሽማግሌው እዚህ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆመዋል። አባቷ የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በነበሩበት ዘመን፣ እሷ በመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ስትገባ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። "ሚጣዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስኮረፈሽ?" እያሉ ያሳደጓት ሰው ናቸው። መምህርት ሆና ስትመለስም ሚጣነቷን አልነፈጓትም ነበር። ከሰባት ወር ወዲህ ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው "እንደምን ዋሉ?" ይሏታል። ዋሉ! ሰው በአክብሮት ይገፋል ቢሏት ድሮ አታምንም ነበር።

"ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ?"

"አለን። ይግቡ፣ ፀሐዩ እንዳያገኝዎት።"

"አባባ…"

"አቤት?"

"ምንም።"

ገባች። ሰባት ወር ሙሉ "ምንም" እያለች ነው የምትገባው።

ደክሟታል። ድካሟ የዛሬ ብቻ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የታመሙ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ከዚያ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ ከሰዓት ደግሞ አርባ ስምንት አርባ ስምንት ልጅ በታጨቀባቸው አራት ክፍሎች ባዮሎጂ ታስተምራለች። ትናንት በዚህ ሁሉ ላይ ወንድሟ፣ ሐኪሙ ጋሼ፣ ከእናታቸው አልጋ ጫፍ ቁጭ ብሎ ነገሩን ቆረጠው።

"እሑድ መሐንዲሱ ለምሳ ይመጣል። መልስሽን ይሰማል።"

"ምን ብዬ ልመልስ?"

"እሺ ወይም እምቢ። ነፃ ነሽ። ግን እምቢ እንዳትይ።"

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን እምቢ የምትልበት ጉልበት ከየትም ይመጣ ነበር። የጋሼ ጓደኛ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ፣ ሲያወራ ሰዓቱን የሚያይ። እሷም ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ እሺ ልትል ወስናለች። ፍቅር ይዟት አይደለም፤ እምቢ ማለት ራሱ ሥራ ሆኖባት ነው።

ፍቅር ይዟት የነበረውማ ሌላ ሰው ነው። የአባባ ልጅ።

ተማሪዎቹ "ገመዱ" ይሉት ነበር፤ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የተጠመጠመ ገመድ ስለማይጠፋ። ከሁለት ዓመት በፊት ታብሌቶቹን፣ ፕሮጀክተሮቹንና ኔትወርኩን ሊዘረጋ ተቀጥሮ መጣ፤ አባቱ በሚጠብቁት በር ገባ። መምህራንን ሲያሠለጥን ከሁሉም የባሰች ደንቆሮ ተማሪው እሷ ነበረች። "እኔ በጠመኔ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አታድክመኝ" ስትለው፣ "ጠመኔውም መጀመሪያ ሲመጣ አስቸግሮ ነበር" ብሎ ሳቀባት።

ከዚያ በእሷ ክፍል የጥያቄ ጨዋታ ባለ ቁጥር "ኔትወርኩን ልፈትሽ" ብሎ የኋላው ወንበር ላይ ታብሌት ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ጨዋታው ቀላል ነው፦ ጥያቄው ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ በመረጡት የጨዋታ ስም ገብተው መልሱን ይነካሉ፣ ቀድሞ በትክክል የመለሰ ከላይ ይወጣል። "ገመዱ" የሚባል ተጫዋች ግን ሁልጊዜ ከታች አንደኛ ነው። ቆሽት የት እንዳለ አያውቅም፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ማክሰኞ ግን ያ ከታች አንደኛ ከላይ አንደኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ምዕራፉን በሙሉ አጥንቶ ነው የመጣው። እሷ ቀና ስትል እሱ ታብሌቱን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ኔትወርክ ለመፈተሽ ሃያ ሁለት ክፍለ ጊዜ እንደማያስፈልግ ያን ቀን ገባት።

ሥራው አልቆ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመናት። "ዛሬ አብረን በበሩ እንውጣ። አባቴ ይየን። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እሷ ደግሞ ምን አለች? "ዛሬ አይሆንም፣ ሰው ይበዛል" አለች።

ሰውማ ምን ጊዜም ይበዛል! የፈራችው ሕዝቡን አልነበረም። የዳይሬክተሩ ልጅ ከዘበኛው ልጅ ጋር ታየች መባልን ነው የፈራችው። እሱም ገብቶታል። "እሺ" ብቻ አለ። ስልክ እንዳይደውል እሷው ከልክላዋለች፤ ስልኳ ከእናቷ ትራስ ሥር አይወጣም፣ እናቷም ከአልጋ ባይነሡም የመጣውን መልእክት ሁሉ መነጽር አድርገው ያነባሉ። "እንግዲያው ሰሌዳሽ ላይ እጽፍልሻለሁ" አላት። ልጆች ያልገባቸውን የሚጽፉበት፣ ከታብሌት የሚከፈት ሰሌዳ አለ፤ እሱ ነው የሠራላት።

አልጻፈም። በየቀኑ ከፈተች፤ ሰሌዳው ባዶ ነው። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሦስት ወር። ጭራሽ ልጆቹም መጻፍ አቆሙ። እሱም ሰለቸው፣ እነሱም ሰለቻቸው፣ አለች በልቧ። እሷም ሰለቻት።

*

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ኩላሊት አስተማረች። ድምጿ ተዳክሞ ነበር። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አያያዘችና እንደ ልማዷ አለች፦ "ያልገባው ሰው ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።"

ማንም አልነካም። ከፊት የተቀመጠችው፣ ጓደኞቿ "መነጽር" የሚሏት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያለፈው ጥያቄዬ መልስ አላገኘም።"

"አይቻለሁ፣ አይቻለሁ" አለች መምህርቷ፣ ማርከሯን እየፈለገች።

"አላዩትም።"

መነጽር ራሷ የተናገረችው አስደነገጣት፤ ግን አፏ ከተከፈተ ወዲያ መመለሻ የለውም። "ማለቴ… ቢያዩትማ አረንጓዴ ይሆን ነበር። 'በመጠባበቅ ላይ' ነው የሚለው። የሁላችንም እንደዚያ ነው የሚለው። እርስዎ ካላጸደቁት አይወጣም እኮ።"

"ምኑን ነው የማጸድቀው?"

ልጆቹ ተያዩ። ከኋላ አንዱ፣ "ያ ልጅ ዳይሬክተሩን ሰድቦ የጻፈ ጊዜ ጋሽ ገመዱ ቀየሩት፣ ቲቸር። ለመምህራን ስልጠና ተሰጥቷል አሉን" አለ።

መነጽር ተነሥታ መጣችና ላፕቶፑ ላይ ከጥግ ያለችውን ትንሽ ደወል አሳየቻት። መምህርቷ ያቺን ደወል ታውቃታለች። መጀመሪያ ሰሞን በነካቻት ቁጥር ማስታወቂያ ስታመጣባት ጊዜ ዳግመኛ ላትነካት ምላለች። አሁን ነካቻት።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጽሑፍ ፈቃዷን ይጠብቃል።

"ዓሣ ይጠማዋል?" "ቲቸር፣ አንድ ኩላሊት ያለው ሰው ግማሽ ብቻ ነው የሚሸናው?" "ትናንት ያሉት አልገባኝም፤ አይቆጡ።" ወደ ታች ስትወርድ የአራት ወር ዕድሜ ያለው አንድ አገኘች። የመነጽር ነው። "ቲቸር፣ እናቴ ስኳር በሽታ አለባት። ወደኔም ይመጣል? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።"

ዓይኗን ጨፈነች። "አይቻለሁ" ብላት ነበር። በአራት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ይሆን እንዲህ ያለቻት?

ዓይኗን ስትገልጥ ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ "ከክፍሉ ውጭ የተላኩ" በሚለው ረድፍ፣ ስሙ አለ። ገመዱ። አራት ጊዜ።

እጇ ከእሷ ቀድሞ የፕሮጀክተሩን ክዳን ገጠመ፤ ግድግዳው ጠቆረ።

"ስክሪኑ ምን ሆነ?" አሉ ልጆቹ።

"አርፎ ይምጣ" አለች። "የኩላሊት ጨዋታውን ክፈቱ፣ ጥያቄዎቹ ታብሌታችሁ ላይ ይወጡላችኋል። ሃያ ጥያቄ ነው። ኮዱን ልጻፍላችሁ።"

ኮዱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈች። ልጆቹ ለሁለት አንድ ታብሌት ይዘው በየጨዋታ ስማቸው ገቡ፤ "የዳይሬክተሩ አማች" የሚባለው ገና ሳይጀመር መፎከር ጀመረ። በዚያ ጫጫታ መሃል እሷ ተቀምጣ አነበበች።

የመጀመሪያው፦ "ደርሻለሁ። ስምንት ሰዓት ነው ያሉኝ መንገድ አሥራ አንድ ፈጀ። ይኸው ቃሌን ጠብቄ እየጻፍኩ ነው። ሳታጸድቂ ተዪው፣ ከአንቺ በቀር ማንም አያየውም። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ወደ ግድግዳ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆዴ ይባባል፤ ይኸው ነው።"

ሁለተኛው፦ "እማዬ እንዴት ናቸው? ረጅም ነገር መጻፍ አትችዪም፣ አውቃለሁ። አንዲት ነጥብ ብቻ ላኪልኝ። ነጥብም ብትሆን ካንቺ መሆኗን አውቃታለሁ።"

ሦስተኛው፦ "የስልጠናውን መፈረሚያ ደጋግሜ አየሁት። የከሰዓቱን ፈረቃ ባልደረባዬ ነው ያሠለጠነው፤ ፊርማሽ ግን አለ። ስለዚህ ደወሏን ታውቂያታለሽ። ስለዚህ እያነበብሽ ነው ዝም ያልሽኝ። አልፈርድብሽም። አባቴንም የሄድኩ ዕለት 'አልሆነም፣ አታስቸግራት' ብዬዋለሁ።"

ፊርማ! የዚያ ቀን እናቷን ይዛ ሆስፒታል ነበረች። በማግስቱ የኬሚስትሪዋ መምህርት በሳቅ፣ "ስልጠና ነበር፣ ፈረምኩልሽ፤ ምንም አላመለጠሽም" ብላት ነበር። እሷም "ምን ባደርግልሽ ይሻላል፣ የኔ እናት!" ብላ አቅፋ ሳመቻት። ቀሪ ላለመባል እርስ በርስ መፈራረም እዚህ ቤት ያለ ደግነት ነው። በዚያ ደግነት ሰባት ወር ሄደ። አሁን በማን ይፈረዳል? በኬሚስትሪዋ አይፈረድም። ደወሏን ያልነካች እሷ ናት፤ ሳታይ "አይቻለሁ" ያለችም እሷ ናት፤ "ሰው ይበዛል" ያለችም እሷው ናት።

አራተኛው አጭር ነው፦ "ከእንግዲህ አልጽፍም። ደክሞኛል፣ አንቺም ደክሞሻል። ምናልባት አንድ ቀን ሐሳብሽ ቢለወጥ መልስ አትጻፊ። አጽድቂው ብቻ። ልጆቹ ፊት፣ ስሜ እንዳለ። ስታጸድቂው እኔ ጋ ደወል ይመጣል። ያን ቀን እነሣለሁ።"

የተጻፈበትን ቀን አየች። ሦስት ወር ከአሥር ቀን አልፎታል።

"ቲቸር! ማን አሸነፈ? ክዳኑን ይክፈቱልን!"

"ቆይ አንዴ" አለች።

ላፕቶፑ ሁለት መንገድ ሰጥቷታል። የልጆቹን ሁለት መቶ ዘጠኝ ጥያቄ አንድ በአንድ እየነካች ማጽደቅና አራቱን እንደ ተደበቁ መተው ትችላለች። እሑድም ይመጣል፣ መሐንዲሱም ሰዓቱን ያያል፣ እሷም እሺ ትላለች፣ ነገሩ ያልቃል። አለዚያ ደግሞ ከላይ አንድ ቁልፍ አለ፦ "ሁሉንም አጽድቅ።" አርባ ስምንት ልጅ፤ አርባ ስምንት ልጅ ማለት አርባ ስምንት ቤት ነው። ማታውን ወሬው ከእናቷ ትራስ ሥር ይደርሳል። ጋሼ፣ "የአባታችንን ስም!" ይላል። የአባቷን ስም አሰበች፤ አባቷ እዚያ በር ላይ መኪና አቁመው በየጠዋቱ ወርደው አባባን በእጃቸው ይጨብጡ እንደነበር ትዝ አላት። ስሙን ያሳነሰው ማን ነው ታዲያ?

ክዳኑን አነሣች። ከዚያ "ሁሉንም አጽድቅ" የሚለውን ነካች።

ግድግዳው ሞላ። ልጆቹ መጀመሪያ የየራሳቸውን ፍለጋ ተንጫጩ። "ያው የኔ! ዓሣ ይጠማዋል!" "የኔ ደግሞ ይቺ!" ከዚያ ጫጫታው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ መጣ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሱ። አንዲት ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

"ገመዱ…" አለ አንዱ በሹክሹክታ። "የአባባ ልጅ አይደሉ እንዴ?"

መምህርቷ ጠረጴዛውን ደገፍ አለች።

"አዎ" አለች። "የአባባ ልጅ ነው። የተጻፈው ለእኔ ነው። እንደ እናንተው ጥያቄ ሳላየው የቀረ ነው። እናንተን 'አይቻለሁ' እያልኩ ዋሽቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ይስቃሉ ብላ ነበር። ማንም አልሳቀም። "የዳይሬክተሩ አማች" ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ምንም አይደል፣ ቲቸር" አለ እንደ ትልቅ ሰው።

"በሉ፣ ከቀደመው እንጀምር" አለች ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "የመነጽር ነው። ስኳር ከእናት ወደ ልጅ ይመጣል ወይ? የእኔ ልጅ፣ ሊመጣ ይችላል፤ ግን የግድ አይደለም። ስሚኝ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። ከክፍል በኋላም አንቺና እኔ ብቻችንን እናወራለን።"

መነጽር መነጽሯን አወለቀች። አለቀሰች፤ ሳትደበቅ።

እስከ መውጫው ድረስ ሃያ ሦስት ጥያቄ መለሱ። ዓሣ ይጠማዋል ወይ በሚለውም ተከራከሩ። መምህርቷ በየመሃሉ ወደዚያች ትንሽ ደወል ትሰርቃለች። ደወሏ ዝም ብላለች። ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሰው ልብ ውስጥ ስንት ነገር ያፈርሳል! ምናልባት ስልኩን ቀይሯል። ምናልባት ሌላ ሰው አለችው። ምናልባት ደወሏን ሰምቶ፣ "አሁንማ" ብሎ መልሶ አስቀምጧታል። ሁሉም ይገባዋል፤ እሷ የሚገባትም ይኸው ነው። ላፕቶፑን ስትዘጋ ግን ልቧን አመማት።

*

ስትወጣ በሩ ላይ መምህራን ተሰብስበው ትራንስፖርት ይጠብቃሉ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል፤ የኬሚስትሪዋ መምህርት ፊቷ በርበሬ መስሏል። "እኔ እኮ… ለደግ ብዬ…" ስትላት፣ "አውቃለሁ፣ የኔ እናት" ብላት አለፈች።

አባባ ብድግ ሊሉ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

"አባባ፣ አይነሡብኝ። አላነበብኩትም ነበር። በእማዬ ሕይወት፣ አንዱንም አላነበብኩትም። ዛሬ ነው ያየሁት።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ስልክዎን ያውሱኝ" አለች። የወንድሟን ቁጥር በቃል ታውቀዋለች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ደወለች። "ጋሼ? እኔ ነኝ። መሐንዲሱ እሑድ እንዳይደክም ንገረው። መልሴ እምቢ ነው… አይ፣ አላመመኝም… አዎ፣ ሌላ ሰው አለ… የአባባ ልጅ። አዎ፣ የዘበኛው ልጅ።"

ከዚያ ጋሼ፣ "ቤት ነይና እናወራለን" አለ።

"እናወራለን። የምመልስልህ ግን ያው ነው።"

ስልኩን መለሰችላቸው። "እሱ እንኳ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፣ አባባ። ዝም ብሏል። ቢቀርም እውነቱን እርስዎ እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

አባባ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጡት።

"ቅድም ደወለልኝ" አሉ። "ይሳቅ ያልቅስ መለየት አቃተኝ። አውቶቡስ እየገባሁ ነው ይላል። ሌላውን አልሰማሁትም። 'አባዬ፣ በሩን እንዳትዘጋው' ብሎ ዘጋብኝ።"

መምህርቷ አፏን ያዘች።

"አሥራ አንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው!" አሉ አባባ፣ ቁጣና ደስታ በተቀላቀለበት ድምፅ። "እስኪነጋ በር ከፍቼ ልቀመጥለት ነው? አባትየው ዘበኛ መሆኑን ረስቶታል መሰለኝ!"

ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነባት፤ ማቆምም አልቻለችም። መምህራኑ እያዩ፣ ተማሪዎቹ እያዩ፣ ሰው በበዛበት።

አባባ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ፈቀቅ አሉና ጎናቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

"ነይ ተቀመጪ፣ ሚጣዬ። ደክሞሻል።"

ተቀመጠች። ደክሟት ነበር፣ በጣም ደክሟት ነበር፤ ራሷን ትከሻቸው ላይ አስደግፋ፣ ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድካሟን ለሰው አሳየች።